የኔይ ሮቲያ ሰላምታ

መንገደኛን «ወዴት ነው?» ማለት ምን ክፋት አለው? ካይታራ ይህን ጥያቄ በልቡ ሲያገላብጠው ሰነበተ፤ መልስ ግን አላገኘለትም። በተወለደበት፣ በውቅያኖስ መካከል ባለው በማያና ደሴት ከዚህ የተሻለ ሰላምታ የለም። መንገድ ላይ የተገናኘ ሁሉ «ወዴት ነው?» ይባባላል፤ የተጠየቀውም «ወደ ሰሜን» ወይም «ወደ ባሕሩ» ብሎ እጁን ዘርግቶ ያልፋል። ጠያቂው ምስጢር ፍለጋ አይደለም፤ መልሱንም ጥቂት እንደተራመደ ይረሳዋል። «አይቼሃለሁ፤ በሕይወት አለህ» ለማለት ያህል ነው።

ይኸው ሰላምታ ግን በአውስትራሊያ ገጠር፣ በስንዴና በገብስ እርሻ መካከል በተቀመጠችው በዊንጃላ ከተማ፣ ሰው ሲያስደነብር በዓይኑ አየ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጉሙ ከሐሙስ ጀምሮ አልተገፈፈም። ካይታራ ለዳቦ ቤቱ ዳቦ የሚያከፋፍልባትን መኪና አቁሞ ወደ ሐይቁ በእግሩ ሲሄድ፣ ፖስታ ቤቱ ጥግ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። የእናቱ እህት ኔይ ሮቲያ ናቸው፤ «ኔይ» በደሴቱ ሴት በክብር የምትጠራበት ቃል ነው።

«አንተ ልጅ! ወዴት ነው?»

«ወደ ሐይቁ ነበር፤ እርስዎን ካገኘሁ ግን ቀረሁ» አለና ጉንጫቸውን ሳመ።

ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ የውሻ ሰንሰለት ሲንሿሿ ተሰማ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ ሲሸልቱ የኖሩት ሽማግሌው ሊንዚ ውሻቸውን ይዘው መጡ። ካይታራ ዳቦ ሲገዙ ያውቃቸዋል፤ ቀልደኛ ናቸው። ኔይ ሮቲያ ወደ ሽማግሌው ዞር ብለው በእንግሊዝኛ፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ «ወዴት ነው?» አሏቸው።

ሽማግሌው ባሉበት ቆሙ። ፊታቸው ነጣ።  ከዚያ ግራ ቀኝ ሳያዩ አስፋልቱን ተሻገሩ፤ ውሻውም ጅራቱን ሸጉጦ ተከተላቸው። ወዲያ ማዶ ጉሙ እስኪውጣቸው ድረስ አንገታቸውን እያዞሩ ኔይ ሮቲያን ይመለከቱ ነበር፤ እንደሚከተሏቸው ሁሉ።

«ምን ነካቸው?» አለ ካይታራ።

«ሁሉም እንዲህ ሆነዋል» አሉ ኔይ ሮቲያ ሻርፓቸውን እያጠበቁ። «ድሮ ቢያንስ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ይሸሹኛል።»

ካይታራ አክስቱን እጃቸውን ይዞ ወደ ዳቦ ቤቱ ወሰዳቸው። ቤቱ ለገዢ ተዘግቶ ባለቤቷ ግሌኒስ ወለል ትወለውል ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሻይ ቀረበላቸው።

ካይታራ ባሕር ተሻግሮ፣ ኒውዚላንድ ድረስ ሄዶ የተማረ ነው። ዲግሪውን ይዞ ወደ ደሴቱ ቢመለስም እግሩ አልረጋ አለው፤ ዓመት ሳይሞላው አክስቱን ተከትሎ ወደዚህ መጣ። የተማረው ነገር እውነት መሆኑን ይጠራጠራል፤ ከአያቶቹ የሰማውንም እንዲሁ። በሁለት ወንበር መካከል የተቀመጠ ሰው ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

«ይንገሩኝ አክስቴ። የደበቁኝ ነገር አለ።»

«ምን እደብቅሃለሁ። ልብስ ማጠቢያ ሊከቱኝ ነው።»

ኔይ ሮቲያ ከከተማው ዳር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አስታማሚ ናቸው። ገና ሲነጋጋ ገብተው ሽማግሌውንና አሮጊቱን ያነሣሉ፣ ያጥባሉ፣ ያበላሉ። ሥራው ለእሳቸው እንጀራ ብቻ አልነበረም። በአገራቸው ሽማግሌ አጠገብ ያልተቀመጠ ሰው ሰው አይባልም። ከእነዚያ አልጋዎች አጠገብ ተነሥተው በምድር ቤት ከሚጮኹ ማጠቢያ ማሽኖች ጋር መዋል ለእሳቸው በቁም እንደመቀበር ነው።

«ጃኒን ነች ያለችሽ?» አለ ካይታራ፤ ቶሎም ታረመ፤ «ይቅርታ፣ ያለችዎ?» ጃኒን የመጦሪያው ኃላፊ ናት።

«ደግነቷ አልጎደለም። ‹ሮቲያ፣ ነዋሪዎቹ ፈርተውሻል። እስከ ሰኞ ላስብበት› አለችኝ።»

«ለምን ይፈሩዎታል?»

«በዚህ ክረምት ሦስት ሰው ሞተብን። ሦስቱንም በማለዳ ‹ወዴት ነው?› ብያቸው ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሌሎቹ ሰምተዋል፤ ወሬውም ከተማውን አዳርሷል። አሁን ኮሪደሩን ስረግጥ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። በማን በር ላይ እንደምጠይቅ ያዳምጣሉ። ስገባም ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበው ዓይን ብቻ ሆነው ይጠብቁኛል። እማማ ሜርልን ታውቃቸው የለ? እኒያ ዘጠና ዓመታቸው? እጄን ይዘው ነበር የሚተኙት። ዛሬ ከኔ እጅ ገንፎ አይቀምሱም።»

ካይታራ ነገሩ አሁን ገባው። የተማረ ሰው ደግሞ ነገር ሲገባው ዝም ማለት ይቸግረዋል።

«አክስቴ፣ እዚህ አገር ‹ወዴት ነው?› ብሎ የሚጠይቅ ወይ ፖሊስ ነው ወይ ቀናተኛ ባል።»

ኔይ ሮቲያ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «እነሱስ? ‹እንዴት ነሽ?› ይሉኛል፤ አፌን ስከፍት ጀርባቸውን ነው የማናግረው። የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ‹ደህና ነኝ፣ ምንም አይል› ይላል። ይህ ውሸት አይደለም? ደግሞ ‹ዛሬ ጉም ነው› ይሉኛል። ዕውር ነኝ እንዴ? ጉሙ ውስጥ ቆመን?»

«እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። ኦክላንድ ተማሪ ሳለሁ የአውቶቡስ ሹፌር ‹እንዴት ነህ?› ሲለኝ የሆድ ቁርጠቴን ከመነሻው አስረዳሁት። ሰው ከኋላዬ በዝናብ ተሰልፏል። ሹፌሩ በትዕግሥት አዳመጠኝና ‹ወዳጄ፣ ሐኪም ቤቱ ቀጣዩ ፌርማታ ነው› አለኝ።»

«ታዲያ ሰው አዳመጠህ። ምን ክፋት አለው?»

«ከዚያ ተምሬ፣ ተጠንቅቄ፣ አገሬ ተመለስኩ። መንደር ስደርስ አጎቴ ‹ወዴት ነው?› አሉኝ። ‹የትም› አልኳቸው። የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ሳቀብኝ። ‹የትም የሚሄደው ፈረንጅ› ብለው ስም አወጡልኝ።»

«እሰይ! አበጁ!» አሉ ኔይ ሮቲያ ጠረጴዛውን መታ እያደረጉ። «የትም የሚሄድ ማን ነው? ጅራት የሌለው፣ ነፋስ የሚወስደው የወረቀት ካይት ነህ?»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ችኩል ይባላል። ኔይ ሮቲያ ግን ችኩል አልነበሩም። ከሳቃቸው በታች የሚከነክናቸው ሌላ ነገር እንዳለ ካይታራ አየ። ኩባያቸውን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከውጭ ጉሙ መስታወቱን ይዳስስ ነበር።

«እንግዲህ ለጃኒን ያልነገርኳትን ልንገርህ። ሽማግሌው ቬርኖን የሞቱ ለታ፣ ገና ሲነጋጋ፣ በኮሪደሩ ሲያልፉ አገኘኋቸው። ኮፍያቸውን አድርገዋል። ‹ወዴት ነው አባባ?› አልኳቸው። ‹ወደ ሰሜኑ ማሳ› አሉኝ፤ እንዲያ ጥርት ባለ ድምፅ ተናግረው አያውቁም። ‹መልካም መንገድ› አልኳቸው። ሻያቸውን ይዤ ወደ ክፍላቸው ስገባ አልጋቸው ላይ ናቸው። እጃቸውን ነካሁት። ከሞቱ ቆይተዋል። ኮፍያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።»

ካይታራ የያዘውን ኩባያ ረሳው። «ያዩት ሌላ ሽማግሌ ይሆናል።»

«አንድ እግሩን የሚጎትት ሌላ ሽማግሌ የለንም።»

«ጨለማ ነበራ።»

«ሰሜን አሉኝ እኮ፣ ካይታራ! ሰሜን! ማን ነገራቸው?»

 የደሴቶቹ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው የሙታን መንገድ ወደ ሰሜን ነው። በመጨረሻዋ ደሴት ጫፍ ላይ ናካአ የሚባለው በር ጠባቂ ጀርባውን ለመጪው ሰጥቶ መረቡን እየሠራ ይቀመጣል፤ ነፍስም ሳይታይ አያልፈውም። ካይታራ ይህን በኦክላንድ ለጓደኞቹ እንደ ተረት እየሳቀ አውርቶላቸው ነበር። አሁን ግን አክስቱ በዚያ ረጅም ኮሪደር ጫፍ፣ በመስታወቱ በር ፊት፣ በማለዳ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ ሲጠይቁ ታዩት። በሩ ወደ ሰሜን ያይ እንደሆነ ሊጠይቃቸው አሰበና ተወው።

«እና አትጠይቂ ነው የምትለኝ?» አሉ ኔይ ሮቲያ። «በመንደራችን የማይጠየቅ ማን ነው? ሙት ብቻ። ሰው ሲያልፍ ‹ወዴት› ካላልከው የለህም ማለትህ ነው። እነዚህን ሽማግሌዎች ልጆቻቸው አይጠይቋቸውም፤ መንግሥት አይጠይቃቸውም። እኔም ዝም ካልኳቸው በቁማቸው ማን አያቸው?»

ካይታራ ኩባያውን ገፋ አደረገ። ከመጻሕፍቱ ውስጥ የሚመዝዘው ነገር አልነበረም። ይልቅ ግንባሩን በእጁ ሲያሸው አንድ ነገር ታወሰው።

«አክስቴ፣ ማኔአባ ስንገባ እንዴት ነው የምንገባው?»

ማኔአባ በየመንደሩ ያለ ታላቅ የመሰብሰቢያ ቤት ነው። ግድግዳ የለውም፤ የጣራው ክፈፍ ግን እስከ ሰው ደረት ድረስ ይወርዳል።

«ጎንበስ ብለን ነዋ! ቀጥ ብሎ የሚገባ ግንባሩን ይገጫል። ደግሞም ባለጌ ነው።»

«ክፈፉን ለምን ዝቅ አደረጉት? ከፍ ቢል ምን ነበረበት?»

«ጠያቂ ሆንክ? ዝቅ እንድትል ነው። የገባህበት ቤት የሌሎች መሆኑን እንድታውቅ። ውስጥ ያሉትም ፊትህን ከማየታቸው በፊት እግርህን አይተው ልባቸውን እንዲያዘጋጁ።»

«የእነዚህም ሰዎች ቤት ክፈፍ አለው። ጉሙ ነው። ብርዱ፣ ዝናቡ፣ ውሻው፣ የትናንቱ ኳስ። ‹ዛሬ ጉም ነው› የሚልዎ ሰው ጎንበስ እያለ ነው፤ እርስዎም ጎንበስ ብለው እንዲገቡ ነው። እርስዎ ግን ‹ወዴት ነው?› ብለው ቀጥ ብለው እስከ መሀል ምሰሶው ይዘልቃሉ።»

ኔይ ሮቲያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። «ይህን ያስተማረህ ማን ነው?»

«ማንም። ግንባሬን ስገጭ ኖሬ ነው።»

ኔይ ሮቲያ ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «ጎንበስ ብዬ እዚያው ክፈፉ ሥር ብቀርስ? ጉም ጉም ስንባባል ቢመሽብንስ? ሰዎቹ እኮ ቀን የላቸውም፣ ካይታራ። እያለቁብኝ ናቸው።»

«አንዳንዱ ቤት አያስገባም፤ ልዋሽዎ አልፈልግም። በግድ ሲገቡ ግን ማንም እንዳላስገባዎ አይተዋል።»

ይህን ሲባባሉ ግሌኒስ መወልወያዋን እየጎተተች ደረሰች። ካይታራ አክስቱን በክርኑ ነካ አደረጋቸው። ኔይ ሮቲያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ለንግግር እንደቆመ ሹም፣ «ግሌኒስ፣ ጉሙ ዛሬም አልተነሣም» አሉ።

«ኧረ ተዪኝ ውዴ! ባሌ ትናንት በዚህ ጉም ካንጋሩ ገጨ።»

ኔይ ሮቲያ ደነገጡ። «ሞተ?»

«ማን? ባሌ ወይስ ካንጋሩው?»

«ሁለቱም!»

ግሌኒስ መወልወያዋን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባሏ ደህና መሆኑን፣ መኪናው ግን አፍንጫው መጣመሙን፣ ሰውየው መነጽር አላደርግም እያለ እንዳስቸገራት ሁሉ ተረከችላቸው። ኔይ ሮቲያም የእሳቸው ባል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ታንኳ ከድንጋይ ጋር ሲያጋጭ መኖሩን ነገሯት። «በእናንተ አገር ጉም አለ?» ብላ ጠየቀች ግሌኒስ። ስትሄድ ኔይ ሮቲያ ወደ ካይታራ ጠጋ አሉ።

«‹በእናንተ አገር› አለችኝ፣ ሰማህ? ስንት ዘመን ዳቦ ስገዛት ከየት መጣሽ ብላኝ አታውቅም።»

እሑድን ሲለማመዱ ዋሉ። እርስዎም ሰውየውም የምታዩትን ነገር ያንሡ አላቸው ካይታራ፤ መልሱን ጨርሰው ይስሙ፤ ከሰሙት ውስጥ አንዲት ክር ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ከራስዎም ትንሽ ይስጡ፤ የሰውየው ዓይን ወደ መንገዱ ካማተረ «ላላቆይዎ» ብለው ይልቀቁት።

«ትንሽ ስንት ነው?» አሉ ኔይ ሮቲያ።

«ሆድ ቁርጠት አይገባም።»

ሰኞ ማለዳ ጉሙ አልለቀቀም፤ በላዩ ውርጭ ተጨምሮበት ሣሩ ነጭ ሆኗል። ካይታራ የዳቦ ትሪ ተሸክሞ መጦሪያው በር ደረሰ። በሩ በቁጥር የሚከፈት መስታወት ነው። ቁጥሩን ነካክቶ በትከሻው ገፋው። እጁ ሙሉ ስለነበር ቶሎ አልዘጋውም፤ በዚያች ቅጽበት አንድ ነጭ ነገር በብብቱ ሥር ሾልኮ ወጣ።

እማማ ሜርል ነበሩ። የሌሊት ልብስ ለብሰዋል፤ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ሽበታቸው ተበትኗል። ውርጩን ሲረግጡት ድምፅ አልነበረውም። ቀጥ ብለው ወደ አውራ ጎዳናው ሄዱ። ከጉሙ ውስጥ፣ ከየት በኩል እንደሆነ ሳይለይ፣ የከባድ መኪና ጉርምርምታ ይመጣ ነበር።

«እማማ!» ብሎ ጮኸ ካይታራ። አሮጊቷ ይልቅ ፈጠኑ።

ኔይ ሮቲያ ከውስጥ ወጡ፤ ግን አልሮጡም። ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማኔአባ እንደሚገባ ሰው ጎንበስ ብለው ተጠጉ። ካይታራ ከንፈራቸውን አየ። የለመደው ቃል እስከ ጥርሳቸው መጥቶ ሲቆም፣ ኔይ ሮቲያም ሲውጡት አየ።

«ጉሙ ዛሬም አልተነሣም» አሉ በለሆሳስ።

የእማማ ሜርል እርምጃ ቀዘቀዘ። «ጉሙስ ጉም ነው» አሉ ሳይዞሩ። «እኔን ያሳሰበኝ ውርጩ ነው። ገብሱ ዘለላ የሚያወጣበት ሰዓት ነው።»

«ገብስ አላውቅም፣ እማማ። እኛ ጋ ውርጭ የለም። እኛ የምንፈራው ጨው ነው። ባሕሩ ወደ መሬቱ ይገባና ጉድጓዱን ያበላሻል፤ ተክሉም ይደርቃል።»

አሮጊቷ ቆሙ። «ጨው?»

«ጨው።»

«እኛንም እኮ ጨው በላን» አሉ ሜርል፤ አሁን ዞሩ። «ከታች ነው የሚመጣው፣ ከመሬቱ ሆድ። የታችኛው ማሳ እንደዚህ ሣር ነጭ ሆኖ ቀረ። ሌን ዛፍ ተክሎ ተክሎ ደከመው። እናንተስ ምን አደረጋችሁ?»

በዚያው ቅጽበት መኪናው መጣ። መጀመሪያ ሁለት ቢጫ ዓይኖች፣ ከዚያ የበጎች ጩኸት፣ ከዚያ የአሮጊቷን የሌሊት ልብስ ያርገበገበ ነፋስ። አለፈ። ኔይ ሮቲያ አልተንቀሳቀሱም፤ መንገዱንም አላዩትም።

«ግንብ ሠራን፤ ባሕሩ ናደው። እንደገና ሠራን» አሉ።

«ወንዶች እንደዚያ ናቸው» አሉ ሜርል። ቆየት ብለው አክስቱን ትክ ብለው አዩዋቸው። «አትጠይቂኝም?»

«ምኑን፣ እማማ?»

«ለሁሉም የምትጠይቂውን።»

«አልጠይቅዎትም።»

«ደግ አደረግሽ። ብትጠይቂኝ መናገር ሊኖርብኝ ነው። እዚያ ቤት ያለን ሰዎች ወዴት እንደምንሄድ ሁላችንም እናውቃለን እኮ፣ ልጄ። ጮክ ብለሽ የምትጠይቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ካይታራ ትሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሲያገላብጠው ለነበረው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር፤ አንዲት በውርጭ ላይ በባዶ እግር የቆሙ አሮጊት ሰጡት። ለጎልማሳ መንገደኛ ሰላምታ የሆነው ነገር መንገዱ ላለቀበት ሰው ፍርድ ነው። አክስቱ ሞትን አልጠሩም፤ ግን ሰዎቹ ሸፍነው የያዙትን ነገር ሳያንኳኩ ይገልጡት ነበር።

እማማ ሜርል እጃቸውን ወደ ጉሙ ዘረጉ። «ሌን ግድቡ ጋ ቆሟል» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ካፖርት አልያዘም። ከመስኮቴ አየዋለሁ። ልወስድለት ነበር።» ሌን ባላቸው ናቸው፤ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል።

ካይታራም ዞሮ አየ። በሣሩ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ ጥቁር ነገር ቆሞ ነበር። የአጥር እንጨት ነው አለ ለራሱ። በዚያ በኩል አጥር እንደሌለ ያስታወሰው በኋላ ነው።

«የኔ ካፖርት ቤት ውስጥ አለ» አሉ ኔይ ሮቲያ። «እሱን እናምጣ፤ እግረ መንገዳችንንም ሻይ እንጠጣ። እግርዎ ቀዝቅዟል።»

«ቀዝቅዟል» አሉ ሜርልም፤ የኔይ ሮቲያን እጅ ያዙ።

ጃኒን ብርድ ልብስ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም አይታለች። በመጀመሪያ ካይታራን በሩን ስለተወው ቁጣዋን አቀመሰችው፤ ይገባውም ነበር። ከዚያ ወደ ኔይ ሮቲያ ዞራ «ለልብስ ማጠቢያው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለች፤ ሌላም አልጨመረች። እማማ ሜርል በዚያ ጠዋት ገንፏቸውን ከኔይ ሮቲያ እጅ በሉ፤ ስኳሩ አነሰ ብለውም አጉረመረሙ።

«እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ሲባል ፍርሃትን መምከር የሚመስለው አለ። ኔይ ሮቲያ ግን ያጎነበሱት ፈርተው አይደለም። ከዚያ ሰኞ ወዲህ በኮሪደሩ ሲያልፉ በር ሁሉ ገርበብ ብሎ ይጠብቃቸዋል። አንዱ ስለ ዝናቡ ብሎ ይጀምርና የልጁን ስም ይጠራል፤ ሌላዋ ስለ ድመት ጀምራ ሌሊቱን ያሳመማትን ጎኗን ታሳያለች፤ ሐኪም በወቅቱ ይደርስላታል። ሽማግሌው ሊንዚም ፖስታ ቤቱ ጥግ ላይ ሲያገኟቸው ይቆማሉ። ውሻው አርጅቶ ጆሮው እንደደነቆረ አጫውተዋቸዋል፤ በማግስቱ ደግሞ የገዛ ጆሯቸውም እንደዚያው መሆኑን። እንግሊዝኛቸው በመጽሐፍ ካገኙት ይልቅ በዚህ ሰፋ። ከሁሉ በላይ ግን ባዕድ በሆነ አገር የሚያውቃቸው ሰው አገኙ። የማይታወቅ ሰው ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲጠፋ የሚፈልገው የለም። የዚህ ሁሉ በር አንዲት «ዛሬ ይበርዳል» የምትል ቃል ናት።

ካይታራ ግን የመጠራጠር ልማዱ አልለቀቀውም። አንድ ቀን ዳቦውን አድርሶ ሲወጣ አክስቱን በመስታወቱ በር አጠገብ አገኛቸው።

«ቢሆንም አክስቴ፣ አንድ የወሰድኩብዎ ነገር ያለ ይመስለኛል። ሽማግሌው ቬርኖን ዳግም ቢያልፉ ምን ይሏቸዋል?»

ኔይ ሮቲያ ለአፍታ ወደ ኮሪደሩ ተመለከቱ። ባዶ ነበር።

«‹ዛሬ ይበርዳል፣ አባባ› እላቸዋለሁ» አሉ። «ኮፍያ አድርገው የለ? እሱንም አደንቅላቸዋለሁ። ወዴት እንደሚሄዱ፣ ከወደዱ፣ ራሳቸው ይነግሩኛል። አንተ ምንም አልወሰድክብኝም። ጥያቄው እዚሁ ልቤ ውስጥ ነው፤ አሁን ግን የሚመልሰው ሰው እስኪዘጋጅ ይጠብቃል።»



የገብሱ አዝመራ ሲቃረብ፣ በአንድ ብሩህ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም በእማማ ሜርል ክፍል ተቀምጠው ነበር። አሮጊቷ ከትራሳቸው ሥር ስልካቸውን አውጥተው ለኔይ ሮቲያ ሰጧቸው። የሌን ቁጥር እስካሁን ውስጡ አለ።

«ጻፊለት» አሉ። «የኔ ዓይን ፊደል አይለይም።»

ካይታራ አክስቱን አየ፤ አክስቱም እሱን። ኔይ ሮቲያ ግን እምቢ አላሉም። ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ ሲንዣበብ እማማ ሜርል በጥርጣሬ ተመለከቷቸው።

«የት ነህ ብለሽ እንዳትጀምሪ። ይደነግጣል። መጀመሪያ ስለ ገብሱ ንገሪው።»

ኔይ ሮቲያ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብለው እያነበቡ ጻፉ። «ሌን፣ ብርዱ ቀለል ብሏል። ገብሱን ውርጭ አልነካውም ይላሉ። ታችኛው ማሳ ላይ የተከልካቸው ዛፎች ግማሾቹ ቆመዋል። ሮቲያ የምትባል ልጅ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አገሯ ባሕር ነው።»

«ይበቃል» አሉ ሜርል። «ከዚህ በላይ ከጻፍን ይሰለቻል።»

ላኩት። ስልኩ መልእክቱ መድረሱን አሳየ። እማማ ሜርል ብርድ ልብሳቸው ላይ፣ መስታወቱን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡት፤ ሦስቱም ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ተቀምጠው አዩት። በማግስቱም አዩት፤ በሳምንቱም። መልስ አልመጣም። «ይቆይ፤ ሲዘጋጅ ራሱ ይነግረናል» አሉ እማማ ሜርል።